ያልተቋጨው የኔስቶር መርዶ

ዜሊ እንደ መለከት የሚነፋውን የቤቱን ትልቅ የባሕር ዛጎል ከተሰቀለበት ማውረድ እምቢ ብላለች። እሷ አውርዳ ካልነፋችው ደግሞ በዚያች የጓድሎፕ ደሴት መንደር መረብ ወደ ባሕር የሚጥል አይገኝም። የሰው መርዶ በዛጎል መነፋት ከጀመረ፣ ነፍተው እስኪጨርሱት ድረስ ባሕሩ የሟቹ ነው። የጀመረው ሰው መጨረስ ካልቻለ የሚጨርሰው የቅርብ ዘመድ ነው፤ ኔስቶር ደግሞ ከሚስቱ ከዜሊ በቀር ዘመድ አልነበረውም።

«ልጆቹ ካሳቫ በውኃ ብቻ መብላት ከጀመሩ ሰነበቱ» አሏት ሽማግሌው ቴልማክ፣ ደጇ ላይ ተቀምጠው። «አንቺ ግን ግግም ብለሻል።»

«አባባ፣ ሲሞት አይተውታል?»

«ሰምቼዋለሁ።»

«መስማትማ እኔም በየምሽቱ እሰማዋለሁ።»

ሽማግሌው አማተቡ። እሳቸውም ይሰሙት ነበርና።

ኔስቶር «ታማኝ» በምትባል መርከብ ነበር የሚዘምተው። መርከቢቱ የእንግሊዝን የንግድ መርከቦች እያሳደደች እንድትማርክ ከደሴቲቱ ፈረንሳዊ ገዢ ፈቃድ ተሰጥቷታል፤ ለእንግሊዞቹ ግን ያው ሽፍታ ናት። ቀንቷት ስትመለስ ኔስቶር አፍንጫዋ ላይ ቆሞ ትልቁን የባሕር ዛጎል ይነፋል፤ አጫጭር፣ ለጭፈራ የሚጋብዝ ድምፅ። የባሕሩ ዳር አለታማ ስለሆነ ትልቅ መርከብ አያስጠጋም። ስለዚህ ድምፁ ሲሰማ መንደሩ በሙሉ በጀልባ እየተሽቀዳደመ ሊቀበላት ይወጣል።

ያን ቀን ጠዋትም «ታማኝ» መጣች። ሸራዋ ያው፣ ባንዲራዋ ያው። ሴቶቹ ዜሊን ይተርቧት ጀመር።

«እንግዲህ ዛሬ ጎረቤትም እንቅልፍ የለው!» አለቻት አንዷ።

«ምን አስቀናሽ? ጆሮሽን ድፈኚ!» አለችና ዜሊ እየሳቀች ጀልባዋን ገፋች።

እግሯ ውኃ ውስጥ እንዳለ ዛጎሉ ተነፋ። አጭሩ ድምፅ አልነበረም። ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚወጣው፣ መጨረሻው ላይ እንደ ለቅሶ ተንቆርቁሮ የሚወርደው የመርዶ ድምፅ ነበር።

ሁሉም ባለበት ደረቀ፤ መርዶ እየተነፋ ጀልባ አይገፋም። ድምፁ እላይ ደርሶ ሊወርድ ሲል ተኩስ ተሰማ፣ ዛጎሉም ቀጥ አለ። ወዲያው ከመርከቢቱ ጎን ተደብቀው የነበሩ ቀይ ለባሾች ብድግ ብድግ አሉ። «ታማኝ» በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ተማርካ ኖሯል። ኔስቶርን የደስታውን ጥሪ እንዲነፋ አዘውት፣ ሊቀበል የሚወጣውን፣ ፈረንሳዮች ከባርነት ነፃ ያወጡትን ሕዝብ ከነጀልባው አፍሰው ወደ ባርነት መልሰው ሊሸጡት ነበር የመጡት። የወጣ ጀልባ ሲያጡ ጥቂት መድፍ ተኩሰው፣ ሸራቸውን አዙረው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአለቱ ማዶ ያው ድምፅ ይመጣል። ይወጣል፣ ይወጣል፣ እላይ ሲደርስ ይቆረጣል። ዜሊ ቀኑን የምትገፋው ያን ለመስማት ነው።

«ልጄ» አሏት ቴልማክ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሲቆረጥ ምን ይመስልሻል?»

«ትንፋሽ ያጠረው። ነገ ደግሞ ይሞክራል።»

«የሚቆረጠውማ ስለሚተኩሱበት ነው። በየምሽቱ እኮ ነው የሚገድሉት፣ ዜሊ።»

ይህን አስባው አታውቅም። ባሏ በየምሽቱ ወደ እሷ የሚመጣ ነበር የመሰላት፤ እሷ ግን በየምሽቱ ጥይቱ ፊት ታቆመው ኖሯል። ወደ ቤት ገብታ ዛጎሉን አወረደች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውኃው ዳር ቆመች። ድምፁ ከአለቱ ማዶ ተነሣ፤ ወጣ፣ ወጣ። እላይ ሊደርስ ሲል ሳይቆረጥ ተቀበለችው። ትንፋሿ እስኪያልቅ፣ ከንፈሯ እስኪደማ፣ ቀስ አድርጋ፣ እስከ ታች አወረደችለት። ተኩስ አልተሰማም።

በማግስቱ ጀልባዎቹ ወጡ፤ ልጆቹም ዓሣ በሉ። ማታ ዜሊ እንደ ልማዷ ባሕሩ ዳር ሄዳ ተቀመጠች። ማዕበሉ ይመታል፤ ሌላ ድምፅ የለም። ባሏ የሞተባት ያን ምሽት ነው።