ሙቅ ውሃ ያልነካው ዘር

«ባለፉት ሰባት ቀናት ምን ሥራ ሠርተዋል?» ብላ ጠየቀችኝ ሃና፣ ለጥናት ቤት ለቤት እየዞረች የምትጽፈው ልጅ። የቱ ሥራ ነው፣ የቱስ ኑሮ? ከዚያ በፊት እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። የቱን ላስቀድም ስል፣ የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም አያ ስማቸው ከአጠገቤ ሆኖ መለሰልኝ።

«እሷ ሥራ የላትም፤ ቤት ነው የምትውል። ችግኙን የማፈላ እኔ ነኝ፣ እኔን ጻፊኝ።»

«ልጅቷስ?» አለች ሃና፣ ከኋላዬ ወደ ቆመችው ልጄ እያየች።

«ልጅቷም እናቷን ነው የምትመስል» ብሎ ሳቀ። ሃና ጻፈች።

ቀበሌያችን ከአዲስ ቅዳም ብዙ አይርቅም። እዚህ አገር ሰው ጤፉን እየተወ ዲከረንስ ይተክላል፤ ዛፉ በአራት በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። እኛ ቤት ደግሞ ወንዝ ዳር የዲከረንስ ችግኝ እናፈላለን። ጥናቱ ሊያይ የፈለገው፣ ችግኝ የሚያፈላ ሰው ደመወዝ ቢቆረጥለት ሥራው ላይ ይጸናል ወይስ ጥሎ ይሄዳል የሚለውን ነው። ስለዚህ ለተጻፈ ሠራተኛ ሁሉ ሁለት ዓመት በየወሩ ይከፈለዋል ተባለ። ይህን የሰማሁት ሃና ከሄደች በኋላ ነው። ለቤቱ የቀረውን ወረቀት ከአያ ስማቸው ሳጥን ላይ አነሣሁት። የጎልማሶች ትምህርት ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት። «ደብሪቱ፦ ሥራ የላትም። የምሥራች፦ ሥራ የላትም።»

የምሥራች ልጄ ናት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ቆሰበር ከተማ ያለ ደላላ አዲስ አበባ ሰው ቤት አስገባሻለሁ ብሏት፣ እኔ ነበርሁ «ትንሽ ጠብቂ» እያልሁ የያዝኋት። ከሄደች ምን ዓይነት ሰው እጅ እንደምትወድቅ እያሰብሁ እህል አይወርድልኝም ነበር። ያ ደመወዝ ቢኖራት ትቀር ነበር።

አያ ስማቸው ዘንድ ሄድሁ። «አያ፣ እኔንና ልጄን ያስጽፉን። ልትሄድብኝ ነው።»

«ምን ብዬ? አፈር ፕላስቲክ ውስጥ መሙላት ሥራ ነው? አፈርማ ዶሮም ትጭራለች።»

ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

የዲከረንስ ዘር ቅርፊቱ ድንጋይ ነው። እንዲሁ ቢዘሩት ወር ሙሉ ቢያጠጡትም አይበቅልም። የፈላ ውሃ ይፈስበታል፣ እስኪያብጥ ተዘፍዝፎ ያድራል። ይህን የማደርገው እኔ ነኝ፣ በእኔ ምድጃ፣ በእኔ ድስት። አያ ስማቸው እርጥቡን ዘር ከእጄ ተቀብሎ ይዘራል። እኔ ዘንድ ሲመጣ የሚታጠብ ብቻ ይመስለው ነበር።

በጥር ዘሩን ገዝቶ እንደ ልማዱ ደጄ ላይ አኖረው። በቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቅሁት።

«ታጠበ?» አለኝ በማግስቱ።

«ታጥቧል፣ አያ።»

የምሥራች አይታኛለች። «እማ፣ ውሃው እኮ አልፈላም።»

«እኛ ሥራ የለንም። ሥራ ያለው ይሥራው።»

«ካልበቀለ እኛስ?»

«ያቺ የጥናቱ ልጅ ትመለስ የለ? ባዶውን የችግኝ መደብ ታያለች፤ እኔም ማን ምን እንደሚሠራ እነግራታለሁ። ያን ጊዜ ይጽፉናል።» የምር እንደዚያ ይሆናል ብዬ ነበር።

አፈሩንም አልሞላንለትም። ብቻውን ሞላ። ወገቡን ይዞ ሲያቃስት ሰምቼ፣ «አያ፣ ዶሮዋን ልጥራልዎት?» አልሁት። ቀና ብሎም አላየኝ።

በየካቲት አጠጣ። በመጋቢትም አጠጣ። ጎረቤታችን ይኸነው ባለፈ ቁጥር፣ «ስማቸው፣ ዘንድሮ ዛፉን ዘለልኸውና ከሰሉን ራሱን ዘራኸው እንዴ?» ይለዋል። እኔ ከደጄ ሆኜ እሰማለሁ። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

ሃና በሚያዝያ መጣች። ከዚያ ሁሉ ፕላስቲክ የበቀለው አሥራ አንድ ነው። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ አሁን ግን መለስሁ። ስለ አፈሩ፣ ስለ ፍጉ፣ ከወንዝ ስለምንቀዳው ውሃ፣ መጨረሻ ላይ ስለ ፈላው ውሃ ነገርኋት፣ እሱ ፊት ለፊት ቆሞ።

«አንቺ ነሽ ያመከንሽው?» አለኝ አያ ስማቸው።

«እኔ? እኔማ ሥራ የለኝም፣ አያ።»

አንገቱን ደፋ። ይኸነውና ሌሎችም ቆመው ያያሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሃና ጽፋ ጨረሰች። «እናቴ፣ ያሉትን ሁሉ ጽፌዋለሁ። ግን ችግኝ የሌለው ቤት ከጥናቱ ይወጣል፤ ደንቡ ነው።»

«ተጻፍን አይደል?»

«ተጽፋችኋል። የሚከፈለው ግን በጥናቱ ውስጥ ላለ ቤት ብቻ ነው።»

የምሥራች ከኋላዬ ቆማ ነበር። ዞር ብዬ ላያት አልቻልሁም።

በግንቦት ልብሷን በፌስታል ይዛ መንገድ ዳር ሚኒባስ ስትጠብቅ አብሬያት ቆምሁ።

«ለከርሞ ውሃውን አፍይለት፣ እማ።»

«አላፈላለትም።»

«እንግዲያ እንደኔ ሂጃ።»

«መሬቱ ያባትሽ ነው፤ ለሱ ጥዬለት አልሄድም።»

ሚኒባሱ መጣ፣ ገባች። አሁን አዲስ አበባ ሰው ቤት ናት። አያ ስማቸውና እኔ እዚሁ አለን፣ ደጃችን ፊት ለፊት ነው።