ሳማ የሚባል ስም

በዚያ ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ በሚታጠብበትና በሚተኮስበት ክፍል፣ አለቃዋን በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሳማ ነበረች። ያውም ሲያንሳት ነው! ሳማን እንኳ ሄደው ካልነኳት መጥታ አትለበልብም። ይቺኛዋ ግን ጫማዋን እያንቋቋች መጥታ፣ ተተኩሶ የታጠፈውን አንሶላ በሁለት ጣት ታነሳና ገልብጣ አይታ፣ ጨምድዳ መሬት ትወረውረዋለች።

«ይኼን ላም ናት የላሰችው?» ትላለች። «ድገሚው!»

ስሙን ያወጣችላት ከተኳሾቹ አንዷ ናት። ወሬ ከጀመረች ስለማታቋርጥ እሷንም ሬዲዮ ይሏታል። «ሳማ መጣች!» ስትል ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ «ሳማ ሄደች» ስትል ሳቁ ይጀመራል። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

በቅርቡ የተቀጠረችው አዲሷ ልጅ ይኼን ሁሉ አታውቅም። ፎቅ ላይ ተወልዳ ፎቅ ላይ ያደገች፣ ሳማን በዓይኗ አይታ የማታውቅ ናት። ሎሚ የሚባል ሰው አለ፣ ብርቱካን የሚባል አለ፣ ሳማ የሚባል ቢኖር ምን ይገርማል? እንዲያውም ደስ የሚል ስም መስሏት ነበር፣ ምስኪን።

የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው በዚያ ሳምንት ነው። የምታድረው ወንድሟ ቤት፣ ሳሎን ወለል ላይ ነው። የወንድሟ ሚስት «ይኼ ሥራ ካልሆነልሽ ፍራሽሽን ጠቅልለሽ ወደምትሄጂበት ሂጂ» ብላ ቁርጡን ነግራታለች። ወንድም ተብዬው እዚያው ተቀምጦ ጥፍሩን ይቆርጥ ነበር።

ስለዚህ ያን ቀን አዲሷ አንሶላውን እንደ ነፍሷ ተጠንቅቃ ተኮሰችው። ጥግ ከጥግ ገጠመላት። አለቃዋ ስትገባ ደስታዋን መያዝ አቃታት።

«እትዬ ሳማ! ይዩልኝማ፣ ጨርሻለሁ!»

ጉድ ፈላ። የሬዲዮ ካውያ አየር ላይ ቀረ። አለቃዋ ክው አለች። ከጀርባዋ አንድ ነገር እንደሚባል ጠርጥራ ይሆናል፤ ፊቷ ቆሞ የጠራት ግን አልነበረም።

«ምን አልሽኝ?»

«እትዬ ሳማ... ስምዎ አይደለም እንዴ?»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ሁሉም ነው የሚልዎት።»

«እኛ?» ሬዲዮ ደረቷን ያዘች። «ምን ቆርጦን! አፌን ይቁረጠው! ከራሷ አውጥታ ነው፣ እመቤቴን!» ሌሎቹም ተከታትለው ማሉ። አዲሷ ዞራ አንድ በአንድ አየቻቸው። ትናንት ከምሳቸው ያቋደሷት ሴቶች ናቸው እኮ!

«ሳማ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለች አለቃዋ።

«አበባ... አበባ መስሎኝ ነው።»

አንዷ ሳቋ አመለጣት። አለቃዋ ልጅቷን ክንዷን ይዛ በጓሮ በር አወጣቻት። ቆሻሻው ውሃ በሚወርድበት ቦይ ዳር ቅጠሉ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ አረንጓዴ ነገር ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል።

«ያቻትልሽ አበባሽ። ንኪያት!»

ነካቻት። ወዲያው እጇን መንጭቃ ጮኸች። ጣቶቿ ቀልተው ጉብ ጉብ አሉ፤ እስከ ክርኗ አንገበገባት።

«እንግዲህ እኔን ምን እያልሽ እንደጠራሽኝ አወቅሽ» አለች አለቃዋ። ወደ ክፍሉ ሲመለሱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «በይ ልብስሽን ለውጪና ውጪልኝ! እዚህ ሥራ የለሽም» አለቻት።

አዲሷ የተቃጠለ እጇን ብብቷ ሥር ሸጎጠች። የሚቀርባት ነገር ከሌለ የምትፈራው ነገርም የላትም።

«እሺ፣ እሄዳለሁ» አለች። «የወንድሜ ሚስት ግን ማን አባረረሽ ትለኛለች። ማን ልበላት? ሳማ አልልም፣ ስድብ መሆኑን አሁን አውቄያለሁ። ስምዎ ማን ነው?»

አለቃዋ በጣቷ በሩን አሳየቻት።

«እሳቸው ካልነገሩኝ እናንተ ንገሩኛ!» ብላ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ዓመት ከዓመት አብራችኋቸው ስትሠሩ! ሬዲዮ፣ አንቺ እንኳ የማታውቂው የለም፣ ማን ይባላሉ?»

ሬዲዮ የካውያዋን ገመድ ማፍታታት ያዘች፣ ያልተቋጠረውን። አለቃዋ ፊቷን ወደ እሷ አዞረች፤ ከዚያ ወደ ሌላዋ፤ ከዚያ ወደ መጨረሻዋ። እያንዳንዷን ጠበቀቻት። አንዲት እንኳ ቀና ያለች አልነበረችም። የሚሰማው የማሽኑ መሽከርከር ብቻ ነበር።

የጨርቅ ማረር ሸተተ።

«ካውያሽን አንሺ፣ እያሳረርሽው ነው» አለቻት ሬዲዮን። ድምፅዋ ወርዷል። ከዚያ አዲሷን ሳታያት፣ «ወደ ሥራሽ» አለች።

ማታ ሁሉም ሲወጡ አለቃዋ በሩ ላይ ቆማ አዲሷን አስቀረቻት። ስሟን ከነአባቷ ነገረቻት፤ ቀስ ብላ፣ የሌላ ሰው ስም የምታነብ ይመስል።

«ለወንድምሽ ሚስት እሷ ቀጠረችኝ በያት» አለች። «እጅሽንም በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ።» መብራቱን አጥፍታ ሄደች።

ሰው በአንድ ቀን ይለወጣል ያለ ካለ ተሳስቷል። በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው የተጨማደደ አንሶላ የአዲሷ ነበር። እሷም ከመሬት አንስታ እንደገና ዘረጋችው። ሬዲዮ ቀስ ብላ ተጠጋቻት።

«እንዴ፣ ነገረችሽ አይደል? ማን ነው ስሟ? ንገሪኝ እንጂ፣ የኔ እህት!»

«ትናንት መቼ እህትሽ ነበርኩ?» አለች አዲሷ። «ያቻትልሽ፣ ሂጂና ጠይቂያት።»

ሬዲዮ ዞራ አለቃዋን አየቻት። አለቃዋም አየቻት። ሬዲዮ ወደ ቦታዋ ተመልሳ እስከ ምሳ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።