የተረፈው ዓይን

ዲያቆን ባምላክ የጴጥሮስን መልእክት አንድ ቃል ሳያዛንፍ አንብቦ ጨረሰ። በእጁ የያዘው ግን ዳዊት ነበር።

ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። መጽሐፉን ቀስ ብሎ የቀየረበት ጓደኛው ደስታው ነው፤ ያዘዙት ደግሞ የባምላክ የገዛ አባት መሪጌታ ውባየሁ። መሪጌታ ዓይናቸው የጠፋው በወጣትነታቸው ነው፤ በፎገራ ሜዳ ግን ቅኔያቸው ከደብር ደብር የሚጠቀስ ሊቅ ናቸው። ባምላክም እንደ ሌላው ተማሪ "የኔታ" ይላቸዋል እንጂ አባቴ ብሏቸው አያውቅም።

"ፊደል ከጠፋብህ ስንት ጊዜህ ነው?" አሉት።

"ከዓምና ወዲህ ነው፣ የኔታ። አንዱ ፊደል ሦስት እየሆነ ይደራረብብኛል።"

"እሰይ!" አሉ መሪጌታ።

ባምላክ ጆሮውን ተጠራጠረ።

ያን ዕለት መሪጌታ ይፋግ ተዝካር ተጠርተው ስለነበር መኪና ለመያዝ ወደ ወረታ ወጡ። ባምላክ የበትራቸውን ጫፍ ይዞ ከፊት ይመራል፤ እሳቸው ሌላውን ጫፍ ይዘው ይከተላሉ። በግራና በቀኝ ሩዙ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ልጁ እንደምንም ደፈረ።

"የኔታ፣ የባሕር ዳሯ ሐኪም የቀጠረችኝ ለዛሬ ነው። የቀኝ ዓይኔ ብሌን ሳስቶ ሾሏል፤ ጠባሳም ይዟል። ከሟች የተለገሰ ብሌን ካልተተካበት ተስፋ የለውም ብላኛለች። ግራው ግን ገና ነው። ጠብታ አድርጋ በብርሃን ታጠነክረዋለች፤ ያለችኝ እይታ ትቆይልኛለች። ከዘገየሁ እሱም እንደ ቀኙ ነው።"

"የሬሳ ሥጋ በዓይንህ ይዘህ መቅደስ ልትገባ?"

"ለግራው ሬሳ አያሻም፣ የኔታ። ብርሃን ነው።"

"ብርሃን!" መሪጌታ ሳቁ። "እኔ ዓይን ቢኖረኝ በሬ ጠምጄ ስገፋ እኖር ነበር። ዓይኔ ሲጠፋ ነው ቅኔው የፈሰሰልኝ። ወንበሬን ማን ሊረከበኝ ነው? ዓይን ያለውማ ዲቁናውን ጥሎ ከተማ ይነጉዳል።"

ባምላክ መምራቱን ቀጠለ። መሪጌታ ደስ ብሏቸው ስለነበር የማይነገረውንም ተናገሩ።

"እኔንም የጀመረኝ እንዲሁ ነው። ጨረቃዋ ሦስት ሆና ትታየኝ ነበር። አንተ ገና ዳዊት ስትደግም፣ አጠገቤ ተኝተህ ዓይንህን ስታሽ እሰማህ ነበር። ያን ጊዜ አወቅሁ።"

ባምላክ ቀጥ ብሎ ቆመ። "ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?"

"ብነግርህ ሐኪም ቤት ትሄድብኝ ነበር።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ፍቅር ነበረበት። የከፋውም እሱ ነው። ሩዝ ሲወቃ ገለባው ዓይኑን አሳክኮት እሳቸው ጋ ሲመጣ "እሸው፣ ይቀልሃል" ይሉት ነበር። ሐኪሟ ደግሞ ገና ስታየው የተቆጣችው "ማን እሸው አለህ?" ብላ ነው። ማሸት ብሌኑን ይበልጥ እንደሚያሾለው የነገረችውም ያን ጊዜ ነው።

መናኸሪያ ሲደርሱ ከአጥሩ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ አስቀመጣቸው።

"የይፋጉ መኪና ገና አልሞላም" አላቸው።

ማዶ የቆመው ሚኒባስ ረዳት "ባሕር ዳር አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ይጮኻል። ባምላክ የያዘውን የበትር ጫፍ ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ መሬት ላይ አኖረው።

መሪጌታ በትሩ ቀለላቸው። ወዝወዝ አደረጉት። "ባምላክ? አለህ?"

ባምላክ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር።

በትሩን አንስተው ጫፉን ወደ አላፊ አግዳሚው ዘረጉ። የያዘላቸው የለም። "ልጄ?" አሉ። ልጄ ብለውት አያውቁም ነበር።

ባምላክ መንገዱን ተሻግሮ ሚኒባሱ ላይ ወጣ። መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮት አየ፤ መሪጌታ ሦስት ሆነው፣ ሦስት በትር ዘርግተው ተቀምጠዋል።

ግራ ዓይኑ አሳከከው። እጁን አነሳ፤ ከዚያ መልሶ ከጭኑ ሥር ሸጎጠና ተቀመጠበት።