ሃያ አራተኛው ምት

አሥሩ ከእጅ አንጓ፣ አሥሩ ከክርን፣ አሥሩ ከትከሻ ነው፤ በረዶው ይናድ እንደሆነ የሚፈተነው በእነዚህ ሠላሳ ምቶች ነው። ሲግኔ ከበረዶው ቆርጣ ባቆመችው ዓምድ አናት ላይ አካፋዋን አጋደመችና በጣቶቿ ጫፍ መምታት ጀመረች። ከአንጓ የተሰነዘሩት አሥር ምቶች ምንም አላመጡም። ከክርን የተሰነዘሩትም እንዲሁ። ክንዷን ከትከሻዋ አንሥታ በጡጫ ስትመታ፣ ሃያ አራተኛው ላይ ዓምዱ ከመካከሉ ተሰነጠቀ። የተሰበረበት ቦታ እንደ ደረቅ ዳቦ ሻካራ ነበር፤ የላይኛው ክፍል ካለበት አልተንሸራተተም። በጥቂት ምት የሚሰበር ዓምድ ተመለሱ ይላል፤ የዛሬው መልስ ግን ለተራራ መሪ ግልጽ ነው። በረዶው ይይዛል፤ ተራርቃችሁ፣ አንድ በአንድ ውጡ ማለት ነው።

ከጉድጓዱ ቀና ብላ አየች። የሃቭኔስቲን ተራራ ጫፍ ከዚያ ዘጠና ሜትር ቢርቅ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ነፋስ የለም፤ ከታች በተራሮቹ መካከል በገባው ባሕር፣ ፊዮርዱ ላይ፣ ሳምንቱን ያደሩባት ጀልባ የክብሪት ቀፎ አክላ ትታያለች። በሚያዝያ እንዲህ ያለ ቀን ማግኘት ዕድል ነው። ሲግኔ ግን ከጉድጓዱ አልወጣችም።

ባለፈው ዓመት መጋቢት፣ ከዚህ ሁለት ሸንተረር አለፍ ብሎ፣ ባልደረባዋን ከበረዶ ናዳ ሥር ቆፍራ ያወጣችው በዚችው አካፋ ነበር። አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጅቶባታል። ሰውየው ተርፏል፤ አሁን ትሮምሶ ከተማ ሱቅ ውስጥ ጫማ ይሸጣል፤ ወደ ተራራ ግን ቀና ብሎ አያይም። ሲግኔ ከዚያ በኋላ ሥራዋን አላቋረጠችም፤ አንድም ቀን አልፈራሁም ብላ ለሰው ሁሉ ትናገር ነበር፣ ራሷም አምናው ነበር። አሁን ከፊቷ የተንጣለለውን ነጭ ተዳፋት ስታየው ጣቶቿ ከአካፋው እጀታ አልላቀቅ አሉ።

«ስንት?» አለ ቪዳር ከበስተጀርባዋ። ቪዳር ከስታቫንገር የመጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ከመሪዋ እኩል ካልሄድኩ ሲል የከረመ።

«አሥራ አንድ» አለች ሲግኔ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እሷ ግን ሲያመልጣት በደንብ አውቃለች፤ ልትመልሰውም ትችል ነበር፤ አልመለሰችውም።

«አሥራ አንድ ለኳስ ቡድን እንጂ ለእንዲህ ያለ ሰማይ አይሆንም» አለ ቪዳር። «እርግጠኛ ነሽ?»

«ሥር ላይ የሚንሸራተት ልል ንጣፍ አለ። እንመለሳለን።»

በዚያ አገር ልጆች ከፊደል እኩል የሚማሩት አንድ አባባል አለ፤ መመለስ አያሳፍርም ይላል። በተራራ ጎጆዎች በር ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ይህን ያለ ሰው ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ መጠየቅ ነውር ነው። ደግ አባባል ነው፣ ብዙ ሰው አትርፏል። ጥላው ግን ሰፊ ነው፤ ከሥሩ ማንም መጥቶ ቢጠለል የሚከለክለው የለም። ሲግኔም ገብታ ተጠለለች።

ከዴንማርክ የመጡት ባልና ሚስት እንደ ልማዳቸው ያለ አንድ ቃል ከበረዶ መንሸራተቻ ስኪያቸው ሥር፣ ሽቅብ ሲወጡ እንዳያንሸራትት የተለጠፈውን ቆዳ መላጥ ጀመሩ። ሲግኔ ዐይኗን ወደ አራተኛዋ እንግዳ፣ ወደ ዶርቴያ ማዞር ከበዳት።

ዶርቴያ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። አንቱታ ከቀረ የቆየበት አገር ስለሆነ ሁሉም አንቺ ይላታል፤ ደረቅ ብርቱ ሴት ናት፣ አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች። ሌሎቹ የመጡት ለበረዶው ነው፤ እሷ የመጣችው ለዚህ አንድ ተራራ ነው። ከጫፉ ላይ ሩግላ ደሴት ትታያለች። ዶርቴያ የተወለደችው እዚያ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት መንግሥት የደሴቷን ሰው ሁሉ ወደ ዋናው ምድር አዛወረ፤ ዛሬ ከወፍ በቀር የሚኖርባት የለም። በጀልባ ዙሪያዋን ብዙ ጊዜ ዞራታለች። ከላይ፣ ሁሉንም ባንዴ፣ አይታት አታውቅም። መስከረም ላይ ዳሌዋን ቀዶ ሕክምና ታደርጋለች፤ ሐኪሙ ከዚያ ወዲያ ተራራ የሚባል ነገር የለም ብሏታል። ሳምንቱን ጭጋግና ነፋስ ሲጫወትባቸው ሰነበተ፤ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ነገ ጀልባዋ ወደ ከተማ ትመለሳለች።

ዶርቴያ ወደ ጫፉ አየች። ቀጥሎ ሲግኔን አየቻት፣ ትንሽ ረዘም አድርጋ።

«እሺ» አለች። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመረች፤ የጠበቀ ቢሆንም።

መውረድ እንደጀመሩ ሦስት የትሮምሶ ወጣቶች ከታች ሲወጡ አገኟቸው። ፊታቸው በፀሐይ ቀልቷል። ከፊት ያለችው ልጅ ቆም አለችና ሰላምታ ሰጠች።

«ምን አገኛችሁ?»

«አሥራ አንድ» አለ ቪዳር፣ ሲግኔ መልስ ከመስጠቷ በፊት፣ በምሬት።

«ይገርማል። እኛ ትንሽ ዝቅ ብለን ቆፍረን ሃያ አምስት ነው ያገኘነው።» ልጅቷ ወደ ሲግኔ ዞረች፤ መሪ መሆኗን ከልብሷ አውቃለች። «ምን ትያለሽ?»

«ቦታ ለቦታ ይለያያል» አለች ሲግኔ። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህም ከውሸቱ የባሰ ከበዳት። እዚያው ላይ ሁሉንም ነገር ማረም ይቻል ነበር፤ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚፈልገው። ልጅቷ ጠበቀቻት። ሲግኔ ጓንቷን አስተካከለች።

«እንግዲህ ተራርቀን እንወጣለን» አለች ልጅቷ፤ ሄዱ።

የሲግኔ ቡድን የተራራው ወገብ ላይ ሲደርስ ከላይ የደስታ ጩኸት ተሰማ። አምስቱም ዞረው አዩ። ሦስቱ ወጣቶች አንድ በአንድ ከጫፉ ወረዱ፤ ነጩ ተዳፋት ላይ ሦስት ጥምዝምዝ መስመር አሰመሩ፤ ከኋላቸው የበረዶ ዱቄት ብን ብሎ ተመልሶ ተኛ። ምንም አልሆኑም። ቪዳር ስኪውን አገላብጦ እያየ ለማንም ያልሆነ ነገር አጉተመተመ። የዴንማርኩ ሰውዬ ሚስቱን ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

ሲግኔ ወጣቶቹን ስታይ አንዲት ትንሽ ናዳ፣ ማንንም የማትነካ፣ ከጎናቸው ብትወርድ ብላ ተመኘች። ምን እንደተመኘች ሲገባት ራሷን ጠላች። ሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ ብላ ለእንግዶቿ ታስረዳ ነበር፦ የተመለሰ ሰው ልክ መሆኑን መቼም አያውቅም፣ ናዳው ሳይወርድ ይቀራልና። ዛሬ ግን ታውቃለች። ልክ አልነበረችም፤ በረዶው ነግሯት ነበር።

ጀልባዋ ላይ አጎቷ ቶርላይፍ ጠበቃቸው። ቶርላይፍ የጀልባዋ ካፒቴንም፣ ባለቤትም፣ ወጥ ሠሪም ነው፤ ሦስቱንም ሥራ በአንድ ሽርጥ ነው የሚሠራው። ኮድ የሚባለውን ዓሣ ከነጉበቱ፣ ከድንች ጋር ጥዶ ነበር። ሲሳፈሩ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየ።

«ድስት ውስጥ ያለው ዓሣ ከናንተ ይሻላል፤ እሱ እንኳ ትንሽ ፈገግ ብሏል» አለ።

ሲግኔ ከጀልባዋ ኋላ ሄዳ እርጥቡን የስኪ ቆዳ ገመድ ላይ መስቀል ጀመረች። ዶርቴያ የግራ እግሯን እየጎተተች መጣችና ከጎኗ ቆመች። አንድ ቆዳ አንሥታ ሰጠቻት።

«አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው በሽታ ይዞት ይቀራል» አለች። «ደረጃ ሲወጣ ይቆጥራል። ሐኪም ቤት ወረፋ ይዞ የጣሪያውን ሰሌዳ ይቆጥራል። ዛሬም ስትመቺ ቆጠርኩ።»

የሲግኔ እጅ ገመዱ ላይ ቆመ።

«ሃያ አራት» አለች ዶርቴያ።

«አዎ።»

«ታዲያ አሥራ አንድ ስትዪ ምን ያልኩ ይመስልሻል? እርጅና ነው አልኩ ለራሴ። አሥራ ሦስት ምት ከየት አመጣሽ አንቺ ሴትዮ፣ ጭንቅላትሽም እንደ ዳሌሽ ሄደ አልኩ። እነዚያ ልጆች ሃያ አምስት እስኪሉ ድረስ እንደዚያ እያልኩ ነው የወረድኩት።»

ሲግኔ ይህን አላሰበችውም ነበር። ከአሮጊቷ የወሰደችው ተራራውን ብቻ መስሏት ነበር። እንባዋ መጣ፤ ነፋስ እንኳ ስላልነበረ የምታሳብበት አጣች።

«ፈራሁ» አለች። «እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ባለፈው ዓመት…»

«የባለፈውን ዓመት ሰምቻለሁ፤ አጎትሽ ነግሮኛል። ፈራሁ ብትዪኝ ቀድሜሽ በተመለስኩ ነበር። የፈራ መሪ ተከትሎ የሚወጣ ሞኝ ነው። አንቺ ግን በረዶውን ከሰስሽብኝ።»

«ለነቪዳር ትነግሪያቸዋለሽ?»

«እኔ?» አለች ዶርቴያ፣ የመጨረሻውን ቆዳ እያቀበለቻት። «እኔ ምን አገባኝ። የዋሸሁት እኔ ነኝ እንዴ?»

በዚያ ባሕር ዳርቻ አንድ የማይታለፍ ልማድ አለ። ተራራ የዋለ መሪ ሁሉ ከእራት በፊት ያየውን በጋራው የበረዶ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ የት እንደቆፈረ፣ በስንተኛው ምት እንደተሰበረ፣ ለምን እንደተመለሰ። በማግሥቱ ሌሎቹ መሪዎች አንብበው ሰዎቻቸውን የት እንደሚወስዱ ይወስናሉ። ዛሬ የውሸት አሥራ አንድ ያነበበ ሰው ነገ ተራራው እውነተኛ አሥራ አንድ ሲሰጥ አያምንም፤ ሰው የሚሞተው ያን ጊዜ ነው። ሲግኔ ይህን ለጀማሪ መሪዎች የምታስተምረው ራሷ ናት።

ቶርላይፍ ድስቱን ጠረጴዛው መሀል አስቀምጦ ኮምፒውተሩን ከፈተ። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ በአንድ ጣት ነው የሚጽፈው፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅድም። እንግዶቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሲግኔ በሩ ጋ ቆማለች።

«ሃቭኔስቲን፣ ሰሜን ምዕራብ» አለ እየጻፈ። «ምት ስንት?»

«ሃያ አራት።»

ቪዳር ሹካውን አስቀመጠ። «አሥራ አንድ አልነበር እንዴ ያልሽን?»

«ዋሽቻችኋለሁ» አለች ሲግኔ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጥ ብሎ ወጣ። «በረዶው ጥሩ ነበር። ጫፉ ድረስ መውጣት እንችል ነበር።»

ቶርላይፍ የወንድሙን ልጅ በመነጽሩ አናት ላይ አያት፤ የሚጠይቃት ነገር ያለው መሰለ፣ ግን ወደ ጽሑፉ ተመለሰ።

«ሃያ… አራት» አለ፣ ሁለቱን ቁጥሮች እየመታ። «የመመለሻ ምክንያት። በረዶ፣ ነፋስ፣ ዕይታ፣ ሰዓት፣ ሌላ።»

«ሌላ።»

«ሌላ ከሆነ ይገለጽ ይላል።»

«መሪዋ ፈርታ ነው ብለህ ጻፍ።»

«ስም ይወጣል እኮ፣ ሲግኔ። ከዚህ እስከ ሎፎተን ያለ መሪ ሁሉ ያነበዋል።»

«አውቃለሁ፣ አጎቴ።»

ቶርላይፍ ጻፈ። በአንድ ጣት ሦስት ቃል መጻፍ ይህን ያህል እንደሚረዝም ሲግኔ አታውቅም ነበር። ሲጨርስ ላከው፤ ኮምፒውተሩን ዘጋና ድንቹን ወደ ዴንማርኮቹ ገፋ አደረገ።

«እኔ ታዲያ ከስታቫንገር ድረስ ለዚህ ነው የመጣሁት?» አለ ቪዳር። ንዴቱ የእውነት ነበር፤ ትክክልም ነበር። «አንድ ጥሩ ቀን ነበረን። አንድ። እሱንም በላሽው።»

«በልቼዋለሁ» አለች ሲግኔ። «ይቅርታ አድርግልኝ።»

ቪዳር ዓሣውን ከአጥንቱ መለየት ያዘ። ምናልባት ነገ ይቅር ይላታል፤ ምናልባትም መቼም አይላትም። ዝምተኛው የዴንማርክ ሰውዬ ግን በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድሞ ተናገረ፦ «እኔም እዚያ ላይ ፈርቼ ነበር» አለ። ሚስቱ በመገረም ዞራ አየችው።

ሲግኔ ወደ ዶርቴያ አየች። ዶርቴያ ድንቿን በቢላ በእኩል አራት ቦታ እየቆረጠች ነበር።

«ፍርሃቱን ይቅር ብዬሻለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ተራራውን ግን ገና ነኝ። ጊዜ ይፈጃል፤ እኔ ደግሞ ብዙ የለኝም። አንቺ ስንት ጊዜ ወጥተሽዋል?»

«ሃቭኔስቲንን? ሃያ ጊዜ ያህል።»

«ያህል አትበዪ።»

ሲግኔ አሰበች። «አሥራ ዘጠኝ።»

«እንግዲያው ሩግላን ከላይ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አይተሻታል።» ዶርቴያ ቢላዋን አስቀመጠች። በታመመው ዳሌዋ እየተንፏቀቀች አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀች። «ነይ ተቀመጪና ንገሪኝ። እንዳታሳምሪልኝ።»

ሲግኔ ተቀመጠች። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ቆማ አይታታለች፤ እንግዳ ፎቶ ሲያነሳ፣ ቸኮሌት ሲታደል፣ ሰዓት ስታይ። አስተውላ ያየቻት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። ዐይኗን ጨፍና ፈለገቻት።

«ትንሽ ናት» አለች። «ከምታስቢው በጣም ታንሳለች። ቤቶቹ የነበሩበት በኩል አይታይም፤ ኮረብታው ይጋርደዋል።»

የዶርቴያ ፊት ተለወጠ። ቪዳርም ማኘኩን አቆመ። ሲግኔ እዚህ ላይ ዝም ማለት እንደምትችል አወቀች፤ አንዲት ደግ ቃል ጨምራ መዝጋትም ትችላለች።

«ቀጥይ» አለች ዶርቴያ።