ቆመው የሄዱ ሽማግሌዎች

ታከለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ መንገድና ትራንስፖርት የሚያስተምር፣ ያላየውን አየሁ የማይል ሰው ነው። ነዳጅ አንድ ሳምንት መጥቶ ሌላውን ሳምንት በሚጠፋበት በዚህ ዘመን መፍትሔው የሕዝብ አውቶቡስ መሆኑን አጥንቶ፣ በቅርቡ ጎንደር ላይ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አቅርቧል። ተጨብጭቦለታል። ወደ አዳራሹ የሄደውም የተመለሰውም በራሱ ሰማያዊ ቪትዝ ነበር።

ቪትዟ ከትናንት ጀምሮ ማደያ በር ላይ ተሰልፋለች። ዛሬ ደግሞ የሽምግልና ቀን ነው። የጎረቤቱ የራቢዓ ልጅ አኒስ፣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ የሚሠራው፣ የዳባቷን ፈህሚያን ማግባት ይፈልጋል። ሊጠይቁለት የተመረጡት ሦስት ናቸው፦ አራዳ ላይ ጨርቅ የሚሸጠው አጎቱ ዐብዱረሕማን፣ በሽምግልና ያረጁት አያ እስጢፋኖስ፣ እና ታከለ። ታከለ የተመረጠው መኪና ስላለው ነው። ማንም አልነገረውም፤ ግን ያውቃል።

መኪናው ደግሞ እንዲያው ለድሎት አልተፈለገም። የፈህሚያ አባት ሐጂ ኑርሁሴን በባጃጅ የመጡ ሽማግሌዎችን ከደጅ መልሰዋል። «ለመንገዱ ያልተጨነቀ ለልጄ ሊጨነቅ ነው?» አሉ ተብሏል። ነገ ደግሞ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ቀጠሮ አላቸው። ዛሬ ካልተሳካ አኒስ ፈህሚያን ይርሳት።

ረፋዱ ላይ የማደያው ሠራተኛ ቱቦውን ሰቀለና እጁን አራገበ። ቤንዚን አልቋል።

«መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን እንግዛ» አለ ዐብዱረሕማን።

«ግማሹ ውኃ ነው።»

«ታዲያ ግማሽ መንገድ አያደርሰንም?»

ታከለ እምቢ አለ። አኒስ ቪትዟን እየጠበቀ፣ ሰልፉ ሲንቀሳቀስም እየገፋ እንዲቆይ ተደረገና ሦስቱ ወደ መናኸሪያ አመሩ። መንገድ ላይ ዐብዱረሕማን ዘዴ መጣለት። ከዳባት መግቢያ ላይ ወርደው በእግር ይገባሉ፤ መኪናው ተበላሽቶ ከከተማው ውጭ ቆሟል ይላሉ።

«አልተበላሸም» አለ ታከለ።

«ከዳባት ውጭ አልቆመም?»

«የቆመው ጎንደር ነው።»

«ጎንደር ከዳባት ውጭ አይደለም እንዴ? ወንድሜ፣ አንተ ዝም በል። ያመጣንህ ለመኪናህ ነበር፤ እሷም ቀርታለች።»

አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ታከለ በጥናቱ ውስጥ «የቆሙ ተሳፋሪዎች» ብሎ ከመደባቸው ሰዎች መሀል ገብቶ፣ የአንዲት ሴት የበርበሬ ጆንያ ጉልበቱን ተጭኖት፣ እያስነጠሰ ተጓዘ። ከሾፌሩ ጀርባ አንድ ሰው ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቃቸው ጋቢው ወረደ። ሐጂ ኑርሁሴን ነበሩ።

ሐጂ ወደ መስኮቱ ዞር ቢሉ ነገሩ ባለፈ ነበር። ግን ከፊታቸው በዕድሜ የሚበልጧቸው ሰው ቆመዋል፤ ያደጉበት ወግ አላስቀመጣቸውም። ብድግ አሉ።

«አያ እስጢፋኖስ! ምነው ቆማችሁ? ተቀመጡ እንጂ!»

አያ እስጢፋኖስ ይህን ቃል በስንቱ ሰው ደጅ ሲሰሙ ኖረዋል። ቦታውን ሳያስቡ አፋቸው ቀደማቸው። «የመጣንበትን ሳንናገር፣ መልስም ሳናገኝ አንቀመጥም!»

 ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች።

«አያ፣ ይህ እኮ ቤቴ አይደለም» አሉ ሐጂ በዝግታ።

«ተቀመጡ ያሉን ግን እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌዎቹ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም፤ ሐጂም ሽማግሌ አቁመው አይቀመጡም። እግር ማሳረፊያ በሌለበት አውቶቡስ ውስጥ አንድ ወንበር ባዶውን ተጓዘ። ታከለ በጥናቱ ላይ ባዶ ወንበር ያለበት የተጨናነቀ አውቶቡስ አጋጥሞት አያውቅም።

«ካልፈለጋችሁት እኔ ልቀመጥበት» አለች ባለበርበሬዋ።

«የሽማግሌ ነው!» አሉ ሐጂና አያ እስጢፋኖስ እኩል።

ረዳቱ ትዕግሥቱ አለቀ። «ሐጂ፣ ወይ ልጅቱን ይስጡ ወይ ወንበሩን!»

አምባ ጊዮርጊስ ሲደርሱ አውቶቡሱ ከመንገድ ወጥቶ የናፍጣ ሰልፍ ያዘ። ሞተሩ ጠፋ። የታከለ ጥናት አውቶቡሱ ራሱ ምን እንደሚጠጣ የሚያወሳ ምዕራፍ አልነበረውም።

«የእርስዎ መኪናስ፣ ሐጂ?» ሲል ጠየቀ፤ ነገሩን በትክክል ማወቅ ይወዳል።

«ለዛሬው ድግስ ልገዛዛ ጎንደር ገብቼ፣ ሰልፍ ላይ ቀረ። የወንድሜ ልጅ ኢምራን ይጠብቀዋል። ያቃጠለችን ከፊታችን ያለች አንዲት ሰማያዊ ቪትዝ ናት! ባለቤቷ ጥሏት ጠፋ አሉ። እሷ ካልተንቀሳቀሰች እኛ በየት እንለፍ?»

ዐብዱረሕማን የታከለን እግር ረገጠ። ታከለ ግን «ባለቤቷ እኔ ነኝ» አለ።

ሐጂ ትክ ብለው አዩት፤ ቀጥለው ስልካቸውን አወጡ። «ኢምራን! ያች ሰማያዊ መኪና ተነሣች?»

የስልኩ ድምፅ ለተሳፋሪው ሁሉ ይሰማል። «እየገፋናት ነው፣ አጎቴ! አንድ ሸጋ ልጅ ትተውባታል። የእሱን ሲጨርስ የእኛንም አብሮኝ ይገፋል። ምሳም እሱ ነው ያበላኝ። ቦቴ እየመጣ ነው እየተባለ ነው፣ ኢንሻአላህ።»

«ልጁ ማን ይባላል?»

«አኒስ።»

ሐጂ ስልኩን ዘጉ። ባዶውን ወንበር አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ። «መልሴን በደጄ እሰጣለሁ። አውቶቡስ ላይ የተሰጠች እንዳትባል። ቦቴው ከመጣ ልጆቹ መኪኖቹን ያምጧቸው፤ እናንተም እንደ ሰው በመኪና ግቡ።»

ናፍጣው ተገኘ። ከዳባት በፊት አራቱም ወረዱ፤ ባለበርበሬዋም ወንበሩን ወረሰች። መንገድ ዳር መኪኖቹን መጠበቅ ጀመሩ። ታከለ ድንጋይ ላይ ሊቀመጥ ሲል አያ እስጢፋኖስ በዓይናቸው ከለከሉት፤ መልስ ሳያገኙ ሐጂ ፊት አይቀመጥም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ኢምራን ደወለ። ቦቴው መጥቶ ነበር፤ ጭኖት የመጣው ግን ናፍጣ ነው።

ሐጂ በጓሮ በኩል ቀድመው ገቡ። ጥቂት ቆይተው ሦስቱ ደጁን አንኳኩ። ቤቱ በዘመድ ተሞልቷል።

«የመኪና ድምፅ አልሰማንም» አለ የሐጂ ታናሽ ወንድም በሩን ይዞ። «በምን መጣችሁ?»

ሐጂ መሬት መሬት አዩ። ዐብዱረሕማን አፉን ከመክፈቱ በፊት ታከለ መለሰ።

«መኪናችንን ከሐጂ መኪና ፊት አቁመን ነው የመጣነው።»

አንድም ሐሰት አልነበረበትም።

«ሸጋ ነው» አለ ወንድምየው፣ በሩን እየለቀቀ።

«እንግዲያ ግቡ» አሉ ሐጂ፣ ላብ ያቸፈቸፈውን ግንባራቸውን እየጠረጉ። «ተቀመጡ።»

ከጎንደር ጀምሮ የቆሙት የታከለ ጉልበቶች መታጠፍ ጀምረው ነበር። አያ እስጢፋኖስ እጅጌውን ያዙት።

«የመጣንበትን ሳንናገር…»

«ሰጥቻለሁ!» አሉ ሐጂ ኑርሁሴን። «ሳትጠይቁኝ ሰጥቻለሁ! አሁንስ ስለ አላህ ብላችሁ ተቀመጡ!»

ታከለ ከሁሉም ቀድሞ ተቀመጠ።