በግራ ስለሆነ ይቅርታ

በጋናዋ ኬፕ ኮስት የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ እንደኔ የሶቦሎን ዝንጅብል መመጠን የሚያውቅ የለም። ጉራ አይደለም፤ ያንን ቀይ መጠጥ ከኔ ገዝቶ የጠጣ ይናገር። ኢቦ ደግሞ የክፍል ጓደኛዬ ነው። የኛን የተማሪ ነጋዴዎች ገበያ ስልክ ውስጥ አስገባዋለሁ ብሎ ረጅሙን እረፍት ሙሉ አፕ ሲሠራ ከረመ። እወደዋለሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

የነጋዴዎቹ አለቃ ማንሳ ግን በወሬ የምትሸነገል አይደለችም።

"ዛሬ ሰው ጥራና አስሞክር" አለችው። "እስኪመሽ አንድም ሰው ገዝቶ ካልጨረሰ ወደ ዋትስአፕ ግሩፓችን እንመለሳለን። አፕህንም ደህና ሰንብት በለው።"

ተማሪዎቹ በየተራ መጡ። ዕቃ መረጡ፣ ዋጋ አዩ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። "ጎበዝ፣ ያምራል" ብለው ስልኩን መልሰው ውልቅ።

"የመግዣው ቁልፍ አንሷቸው ነው" አለ ኢቦ፤ አሳደገው። ቁልፉ ላይ የሣለው ዕቃ አቀባይ እጅም አብሮ አደገ። የባሰ ሸሹ።

አመሻሹ ላይ አንጀቴን ስለበላው ሶቦሎ ይዤለት ሄድኩ። ቀኝ እጄ የበረዶ ባልዲ ይዞ ስለነበር ጠርሙሱን በግራዬ አቀበልኩት።

"በግራ ስለሆነ ይቅርታ" አልኩ እንደ ወጉ፤ እኛ ዘንድ በግራ ማቀበል ስድብ ነው።

አልተቀበለኝም። ስልኩ ላይ አፈጠጠ።

"አራባ፣ እጁ! ቀኜ እርሳስ ይዞ ስለነበር ግራዬን እያየሁ ነው የሣልኩት! ቀኑን ሙሉ ሰውን በግራ እጅ ስሰድብ ዋልኩ!"

እኔስ ስንቴ አይቼው! በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይኼ ነው።

የመጨረሻዋ ሞካሪ በር ላይ ደርሳለች፤ ማንሳም ከኋላዋ። እንደገና ለመሣል ጊዜ የለም።

"አንተ፣ ቀኝህ ሥራ ሲይዝ ምን ትላለህ?" አልኩት።

ገባው። ቁልፉ ላይ ከተሣለው እጅ ሥር ያችኑ "በግራ ስለሆነ ይቅርታ" ጻፈ።

ልጅቷ እጁን ስታይ ፊቷ ተኮሳተረ። ከዚያ አነበበችና ሳቋን ለቀቀችው።

"ባለጌ መስሎኝ! ለካ እናት ያሳደገችው ነው!" ብላ ቁልፉን ተጫነች። ደስታዬ ባልዲውን አስጣለኝ።

በማግስቱ ኢቦ ጠርሙስ አስይዞኝ ቀኝ እጄን ሣለና በግራው ቦታ አስገብቶ ለማንሳ አሳያት።

"የማን እጅ ነው?"

"የአራባ።"

"እንግዲያው እሱን ለራስህ ያዘው፤ ለኛ ግራውን መልስልን።"

መለሰላቸው። የኔን እጅ ደግሞ እዚያው፣ ማንሳ እያየች፣ ያዘው።