ፊትህን አዙር

ሾፌሩ ሰማኸኝ ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ እንደገና ጮኸች። ሞተሩ አልተነሳም፤ ክላክሱ ብቻ የፎገራን ሜዳ "ሌባ ያዙ!" እያለ የሚጠራ ይመስል አምባረቀ። ከሩዙ ክምር አጠገብ የቆሙት ሴቶች ጆሯቸውን ያዙ። ከኋላ ወንበር ላይ የተጋደመው አንለይ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ለሃጩ ኮቱ ላይ እየወረደ፣ በሚታዘዝለት አንድ ዓይኑ ሾፌሩን ይመለከታል።

"ኧረ አጥፋው! በበሽተኛ ላይ እንዲህ ይጮኻል?" አለ አበረ፣ ባለ ሩዙ ገበሬ።

"እኔ መች አስጮኽሁት? ድብቁ ማብሪያ ሳይነካ ቁልፍ ከዞረ ራሷ ናት የምትጮኸው።"

"እንግዲያው ማብሪያውን ንካው!"

"የት እንዳለ የሚያውቅ እሱ ነው" አለ ሰማኸኝ፣ በአገጩ ወደ ኋላ እያመለከተ።

አንለይ ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ያለው ነጋዴ ነው። የተወለደው ግን እዚሁ ቀበሌ ነውና፣ አዝመራ በደረሰ ቁጥር የዘመዶቹን ሩዝ ከሁሉ ቀድሞ፣ ከሁሉም አርክሶ ይገዛ ነበር። በዚያ ጠዋትም በአበረ አውድማ ላይ ቆሞ፣ "ሩዝህ ውኃ ጠጥቷል! ምነው፣ ጣናን ነው እንዴ የምትሸጥልኝ?" እያለ ሲያምባርቅ ድንገት ቃሉ አፉ ውስጥ ተኮላተፈና ተዘረረ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዚያ ወዲያ አልታዘዝ አሉት። "ምች ነው" አለ ግማሹ፤ "የሰው ዓይን ነው" አለ ግማሹ። የደብሩ ቄስ መምሬ ተክለ ሃይማኖት ጠበል ረጩትና፣ "ይኸ ሐኪም የሚሻ ነገር ነው፤ አሁኑኑ ጭናችሁ ውሰዱት" አሉ። ጫኑት። መኪናዋ ግን ወይ ፍንክች።

የዚችን ፒካፕ ነገር ወረታ ውስጥ የማያውቅ የለም። አንለይ ባሕር ዳር ድረስ ወስዶ አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሌባ መከላከያ አስገጠመላት፤ የማብሪያውን ቦታ ለማንም እንዳይናገር ሰውየውን በሚካኤል አስማለው። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ በቆመች ቁጥር አንለይ በማብሪያው ይቆልፋታል፤ መነሻ ሲደርስ ደግሞ ቀድሞ በሾፌሩ ወንበር ይገባና፣ "ፊትህን አዙር" ይላል። ሰማኸኝ መንገድ ላይ፣ ሰው እያየው፣ ጀርባውን ለመኪናዋ ሰጥቶ ይቆማል። መከላከያው መፈታቱን የምታሳየው ትንሿ ቀይ መብራት ስትጠፋ አንለይ ይወርድና ቦታውን ይለቅለታል። የገበያው ባጃጅ ነጂዎች ስሙን ትተው "ፊት አዙር" ብለው ነው የሚጠሩት። ልጁ ናፍቆት እንኳ ይህን ስም ትምህርት ቤት ሰምታ እያለቀሰች የመጣች ቀን፣ ሰማኸኝ እራቱን አልበላም።

ቢሆንም ቻለው። ያስቻለው የደብሬ ነገር ነው። ከሱ በፊት የነበረው ሾፌር ደብሬ የማብሪያውን ቦታ ያውቅ ነበር። አንድ ሌሊት መኪናዋ ከግቢ ጠፍታ፣ ሐሙሲት መግቢያ ላይ የሰው በሬ ገድላ ተገኘች። "ምስጢሩን ከእኔና ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም" አለ አንለይ፤ ደብሬ ታሰረ። በኋላ የወሰዳት የአንለይ የገዛ ወንድም መሆኑ ተሰማ፤ ለካ አንለይ ሰክሮ ነግሮት ኖሯል። ሰዎች ሽማግሌ ሆነው፣ "እንግዲህ ያንን ምስኪን አስፈታው" ቢሉት፣ "ቢሆንም ያውቅ ነበር" አላቸው። ከዚህ ሌላ ቃል አልተናገረም። ደብሬ ደብረ ታቦር ታስሮ ከርሞ ሲወጣ ሚስቱን ሌላ አግብታ አገኛት።

ከዚያ በኋላ አንለይ የማብሪያውን ቦታ አስቀየረ። ይኸም አላስተኛው ብሎ የንስሐ አባቱን መምሬ ተክለ ሃይማኖትን ወረታ ድረስ አምጥቶ፣ ሠራተኞቹን መፈልፈያው በር ላይ አሰልፎ አስገዘተ። "የመኪናይቱን ምስጢር ያየ ይናገር፤ አይቶ የደበቀ እንደ አርዮስ የተወገዘ ይሁን!" አሉ መምሬ፣ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው። ሰማኸኝ በዚያው ሰሞን መኪናዋን ሲያጥብ፣ ከመሪው ሥር በስተቀኝ፣ ከፕላስቲኩ ጀርባ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ጣቱን ነክታው ነበር። ጣቱን ቶሎ ሰበሰበ። "አላየሁም" አለ ለራሱ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ እስከ ዛሬ በዚያው ጸንቷል።

እና አሁን ያ ሰው ኋላ ወንበር ላይ ያቃስታል።

ሰማኸኝ ኔትወርክ ፍለጋ ክምሩ ላይ ወጥቶ ለአንለይ ሚስት ደወለ።

"እትዬ ወለላ፣ ማብሪያው የት ነው? ይነግርዎት የለም?"

"ለእኔ? ለእኔ ይነግረኛል ብለህ ነው?" አለች ወለላ፣ እያለቀሰች። "እኔንም እኮ ፊትሽን አዙሪ ነው የሚለኝ! ባጃጅ ልላክ?"

"ባጃጅ ከድልድዩ ወዲህ አያልፍም፤ ጭቃው ገና ነው።"

"እና ሊሞትብኝ ነው?"

መስመሩ ሲቆረጥ ሰማኸኝ ደስ አለው።

ሲወርድ መምሬ በመኪናዋ በር ጎንበስ ብለው፣ መስቀሉን በአንለይ ግንባር ላይ አሳርፈው ያናግሩታል።

"አንለይ፣ ልጄ፣ ትሰማኛለህ? ግራ እጅህ ይሠራል። ማብሪያው የት እንዳለ በጣትህ አሳየን። ነፍስህን ነው።"

የአንለይ ግራ እጅ ቀስ ብሎ ተነሳ። ጣቱ ወደ ሾፌሩ ወንበር አመለከተ፤ ከዚያ ወደ ሰማኸኝ ዞረ፤ ከዚያም አየር ላይ ክብ ሠራ። መምሬ አልገባቸውም።

"ምን ማለቱ ነው?"

"ፊታችሁን አዙሩ ነው የሚለው" አለ ሰማኸኝ።

አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። አበረ በንዴት መሬቱን በመንሹ ወጋው። "ወይ ጉድ! እየሞተ ይሰስታል እንዴ?"

"ተው፤ እንደ ፈቀደው እናድርግለት" አሉ መምሬ።

ተሸክመው ከመሪው ፊት አስቀመጡት። ጎረምሶች፣ ሴቶች፣ ጥምጥማቸውን ያሳመሩት መምሬ ሳይቀሩ፣ መንደሩ ሁሉ ጀርባውን ለመኪናዋ ሰጥቶ ቆመ። ሰማኸኝም ዞረ። እሱስ ልማዱ ነው።

ከኋላቸው የከበደ ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ የጥፍር ድምፅ፤ ፕላስቲኩን የሚቧጥጥ። ማብሪያው የተገጠመው ለቀኝ እጅ ነው፤ ለአንለይ ግን የቀረችለት ግራው ብቻ ናት፤ በመሪው ሥር አሻግሮ መድረስ አለበት። ሰማኸኝ ዓይኑን የሩዙ ክምር ላይ ተክሎ ጆሮውን ሰጠ። *ዝቅ በል* አለ በሆዱ። *ትንሽ ወደ ቀኝ። አልፈኸዋል፤ ተመለስ።* ሁለት እርምጃ ዘወር ቢል፣ አንዲት ጣት ቢሰድ፣ ያ ሁሉ ነገር ያበቃ ነበር። ግን አንድ ነገር ያዘው። ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ያ ጥፍር ሲቧጥጥ፣ ሲስት፣ እንደገና ሲቧጥጥ ደስ አለው። እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ደስ አለው።

ክላክሱ ጮኸ፤ አሁን ሳያቋርጥ። ዞረው ሲያዩ አንለይ በደረቱ መሪው ላይ ተደፍቷል። አበረ ሮጦ ደገፈው። እስትንፋሱ አለች፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

መምሬ ወደ ሰማኸኝ ቀረቡ፤ እጁን ይዘው ወደ ዳር አወጡት።

"ሰማኸኝ፣ ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ የሰው ፊት አያለሁ። ካወቅህ ተናገር። ግዝቱን ያሰርሁት እኔ ነኝ፤ አሁን፣ እዚሁ፣ እፈታዋለሁ።"

ሰማኸኝ መሬት መሬት እያየ በሆዱ አሰበ። የእግዜሩን እርስዎ ይፈቱታል፤ የአንለይን ማን ይፈታዋል? ከዳነ፣ "ያውቅ ነበር" ይላል። ከሞተ ወንድሙ ይላል። ሰው አድኖ የታሰረ መባል ለናፍቆት እንጀራ አይሆናትም።

"አላውቅም አባ" አለ።

"በዚህ መስቀል?"

ሰማኸኝ ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ተሳለመ። "አላውቅም።"

መምሬ ወደ ሰዉ ዞረው፣ "ወሳንሳውን አምጡ" አሉ።

ወሳንሳ የመንደሩ ነው፤ በሁለት ረጃጅም እንጨት የተወጠረ ጠፍር፣ በሽተኛ እስከ አስፋልት የሚወጣበት። አንለይ ለወሳንሳው ማኅበር መዋጮ ከከፈለ ዓመታት አልፈዋል። ይኸን ያነሳ ግን የለም። ጠዋት አንለይ ሩዙን ያጣጣለበት አበረ ራሱ የፊቱን እንጨት ትከሻው ላይ አድርጎ፣ "በሉ፣ ተራ እየተቀባበላችሁ! እስከ ድልድዩ እንሩጥ፤ ባጃጁ እዚያ ይጠብቀን" አለ። ሰማኸኝ ለወለላ እንደገና ደውሎ ባጃጁን አስላከ።

"አንተስ?" አለው አበረ።

"መኪናዋን ቆልፌ እደርስባችኋለሁ።"

ተሸካሚዎቹ በሩዙ ገለባ መካከል እየሮጡ ራቁ። መምሬም መቋሚያቸውን ይዘው ተከተሉ። ሴቶቹ እስከ መንገዱ ሊሸኙ ሄዱ፤ አውድማው ላይ ሰማኸኝና መኪናዋ ብቻ ቀሩ።

ገብቶ በሩን ዘጋ። ወንበሩ አሁንም በአንለይ ገላ ሞቋል። ከመሪው ሥር ፕላስቲኩ ተቧጭሯል፤ ጭረቱ ማብሪያው አጠገብ ደርሶ፣ አንድ ጣት ሲቀረው ይቆማል። ሰማኸኝ ቀኝ እጁን ሰደደ። ጣቱ ሳይፈልግ አገኛት። ቀጭ አለች፤ ቀይዋ መብራት ጠፋች።

አሁን ቁልፉን ማዞር ብቻ ነው የቀረው። በመስተዋቱ አሻግሮ አየ፤ ወሳንሳው ገና ሩቅ አልሄደም። ቢነዳ ወዲያው ይደርስባቸዋል፤ ድልድዩንም አልፎ፣ ወረታንም አልፎ፣ ከመምሸቱ በፊት ደብረ ታቦር ሆስፒታል ያስገባው ነበር። "ራሷ ተነሳች፤ ምን እንደነካኋት አላወቅሁም" ቢልስ? ማን ያምነዋል? ደብሬንስ ማን አመነው?

ቁልፉን ይዞ ቆየ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ትዝ አለው፤ የትኛው ለማን እንደሆነ ግን መለየት አልቻለም።

ጣቱን መልሶ ሰደደ። ቀጭ። ቀይዋ መብራት በራች። ወርዶ በሩን ቆለፈ፤ ቁልፉን ኪሱ ከተተና በጭቃው ላይ መሮጥ ጀመረ።

ሲደርስባቸው አበረ ትከሻው ዝሎ፣ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠብ ነበር። "አምጣው፤ ተራዬ ነው" አለ ሰማኸኝ፣ ከበሽተኛው ራስ በኩል ገብቶ እንጨቱን እየተቀበለ።

"እግዜር ይስጥህ" አለው አበረ። "እንዲያ ሲያዋርድህ ኖሮ! አንተ ሰው ነህ።"

ሰማኸኝን እንጨቱ ከብዶታል፤ ለቅቆ ግን ለሌላ አልሰጠም። ከሥሩ አንለይ በጀርባው ተጋድሞ፣ ያችን አንድ ዓይኑን ከፍቶ፣ ከታች ወደ ላይ ያየዋል። ግራ እጁ በሰማኸኝ ኪስ ላይ አረፈች፤ ቁልፉ ያለበት ኪስ ላይ። ጣቶቹ ጨርቁን ጨበጡት። ልመና ይሁን ጥርጣሬ አይታወቅም።

ሰማኸኝ እንጨቱን ትከሻው ላይ አመቻቸና ፊቱን አዞረ።